ረዓይት ምን በሉ?
(በመጽሐፈ ሄኖክ የትጉሃን ታሪክ ላይ የቀረበ ሂሳዊ አስተያየት)

ሶዶ ላይ ስለ መጽሐፈ ሄኖክ ክርክር ለማስነሳት ብዙ አይፈጅም፡፡ ማታ በመኝታ ክፍል አንዱ «መላእክት ከሴት ይወልዳሉ እንዴ?» ብሎ ጣል ካደረገ በቃ፤ እስከ እኩለ ሌሊት እንቅልፍ የለም፡፡ ባለ 66ቱ «ይህ መጽሐፍ ከየት መጣ?» ይላል፡፡ ባለ 81ዱ «የአባቶቼ ነው» ይላል፡፡ ሦስተኛው ደግሞ በስልኩ ያየውን ቪዲዮ ይዞ ይመጣና፣ ረዓይት ማለት ከሌላ ዓለም በመንኮራኩር የወረዱ ፍጡራን ናቸው ብሎ ያርፈዋል፡፡ ነገሩ ይጋጋላል፤ አንዳንዴም ወዳጅ ከወዳጅ ያኮራርፋል፡፡ የሚገርመው ግን ብዙውን ጊዜ ከሦስቱ አንዱም መጽሐፉን ከፍቶ አላነበበውም፡፡ ያልተነበበ መጽሐፍ እንዲህ ሲያጣላ ማየት የሥነ ጽሑፍ ተማሪን ያሳፍራል፡፡

ስለዚህ እኛ እዚህ የቀኖና ዳኝነት ልንሰጥ አልተነሣንም፡፡ የዚያ ዳኝነት ባለቤት ሌላ ነው፡፡ የምንጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፡- ታሪኩ እንደ ድርሰት ሲነበብ ምን ይላል? ጭብጡስ የመላእክት ጋብቻ ነው ወይስ ሌላ?

ነገሩን ከሥሩ እንያዘው፡፡ በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 6 መጀመሪያ ላይ፣ ከጥፋት ውኃ አስቀድሞ፣ አራት ቁጥሮች አሉ፡፡ የእግዚአብሔር ልጆች የተባሉት የሰውን ሴቶች ልጆች አይተው እንዳገቡና ግዙፋን እንደተወለዱ በጥድፊያ ነግረው ያልፋሉ፡፡ አማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ እነዚህን ልጆች በዕብራይስጡ ስም «ኔፊሊም» ይላቸዋል፤ ግዕዙ «ረዓይት» ይላቸዋል፡፡ ዘፍጥረት ከዚህ በላይ አይናገርም፡፡ መጽሐፈ ሄኖክ ግን እነዚህን አራት ቁጥሮች ይዞ ሙሉ ታሪክ አበጃቸው፤ ወይም ምሁራን እንደሚከራከሩበት፣ ዘፍጥረት በአጭሩ የጠቀሰውን የቆየ ታሪክ ዘርዝሮ ጻፈው፡፡ ከ108ቱ ምዕራፎች ስለ ትጉሃን የሚናገረው የመጀመሪያው ክፍል፣ ማለትም እስከ ምዕራፍ 36 ያለው፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በሦስተኛው መቶ ዓመት ገደማ በአራማይክ እንደተጻፈ ይገመታል፡፡ በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን ዋሻ የተገኙትን የአራማይክ ብጥስጣሾች ሚሊክ እ.ኤ.አ. በ1976 አሳትሟቸዋል፡፡ ብጥስጣሽ ነው ያልነው፤ ሙሉው መጽሐፍ ተጠብቆ የቆየው በግዕዝ ብቻ ነው፡፡ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1773 ሦስት ብራና ይዞ አውሮፓ ገባ፤ ሪቻርድ ሎረንስ በ1821 ወደ እንግሊዝኛ መለሰው፡፡ የኛው ሰው ፕሮፌሰር ኤፍሬም ይስሐቅም በ1983 ባወጡት የእንግሊዝኛ ትርጉም በጣና ሐይቅ ደሴት ባለው የክብራን ብራና ተጠቅመዋል፡፡

እንግዲህ ወደ ታሪኩ፡፡ ትጉሃን የተባሉ 200 መላእክት አለቃቸው ሰምያዛ ነው፡፡ የሰውን ሴቶች ልጆች አይተው ተመኙ፡፡ ሰምያዛ ግን ፈራ፤ «እናንተ ብትተዉኝ ዕዳው በእኔ ላይ ብቻ ይቀራል» የሚል ስጋት ያዘው፡፡ ሌሎቹ ታዲያ እንማማል አሉት፡፡ ተማማሉ፣ ተረጋገሙም፡፡ እዚህ ላይ የኛ ጆሮ ከአውሮፓዊ ጆሮ የተሻለ ይሰማል፡፡ የተማማሉበት ተራራ አርሞን ወይም ሔርሞን ይባላል፤ መጽሐፉም ተራራው ስሙን ያገኘው ከዚያ መሐላ ነው ይላል፡፡ እንግሊዛዊው አንባቢ ይህን እንዲረዳ የግርጌ ማስታወሻ ያስፈልገዋል፡፡ እኛ ግን «እርም» የሚል ቃል አለን፡፡ እናቶቻችን «እርሜ ነው» ሲሉ ያደግን ሰዎች ነን፤ ሥሩ ያው ነው፡፡ ለኛ ተራራው ራሱ «እርም» ብሎ የቆመ ነው፡፡ የመላእክቱም ስም እንዲሁ ነው፡፡ ኮከብኤል የከዋክብትን ምልክት ያስተምራል ሲባል ማን ተርጓሚ ይፈልጋል!

ወረዱና አገቡ፡፡ የተወለዱት ረዓይት ቁመታቸው በግዕዙ 3,000 ክንድ ነው፡፡ ክንዱን በግማሽ ሜትር ብናሰላው 1,500 ሜትር ይሆናል፤ ዳሞታ ተራራ ግርጌ፣ ሶዶ ከተማ ላይ ቢቆም ጫፉን አልፎ ማዶውን ያያል ማለት ነው፡፡ ቪዲዮ የሚያዩ ጓደኞቻችን የሚጣበቁት በዚህ ቁጥር ላይ ነው፡፡ «አፅማቸው የታለ?» እያሉ ይፈልጋሉ፡፡ ደራሲው ግን ቁመቱን በአንድ ቃል ተናግሮ ይተወዋል፤ ስለ ፊታቸው፣ ስለ ድምፃቸው፣ ስለ እጃቸው አንድም ነገር አይልም፡፡ የሚዘረዝረው አፋቸውን ነው፡፡

ምን በሉ? ቅደም ተከተሉን እንይ፡፡ አስቀድመው የበሉት የሰውን ድካም ነው፡፡ ግዕዙ እዚህ ቦታ «ጻማ» የሚለውን ቃል ይጠቀማል፤ እህል አላለም፣ ሀብት አላለም፣ ጻማ አለ፡፡ ሰው የደከመበትን ሁሉ ጨረሱ፡፡ ሰዎች መመገብ ሲያቅታቸው ወደ ሰዎቹ ዞሩ፡፡ ከዚያም በወፎች፣ በአራዊት፣ በሚሳብ ፍጥረትና በዓሣ ላይ በደሉ፡፡ በመጨረሻ እርስ በርሳቸው ሥጋ ተበላሉ፤ ደም ጠጡ፡፡ ያን ጊዜ ምድር ከሰሰቻቸው፡፡ ከሳሹ መልአክ አይደለም፣ ነቢይም አይደለም፤ ምድር ናት፡፡

በእኛ አስተያየት የትጉሃን ታሪክ ልብ ያለው እዚህ ነው፡፡ የጋብቻው ነገር በጥቂት ቁጥሮች ያልቃል፤ ረሃቡ ግን ታሪኩን እስከ መጨረሻው ይነዳዋል፡፡ ማስረጃ ካስፈለገ ምዕራፍ 10ን ማየት ነው፡፡ ፍርዱ ከተሰጠ በኋላ የሚመጣው ተስፋ ምንድን ነው? መዝሙር ነው? ዙፋን ነው? አይደለም፤ አዝመራ ነው፡፡ አንድ መስፈሪያ ዘር ሺህ መስፈሪያ ይሰጣል፤ ወይኑ ይትረፈረፋል፤ ወይራው ዘይቱን ያፈሳል፡፡ የተበላው ጻማ ለባለቤቱ ይመለሳል ማለት ነው፡፡ ይህን ለወላይታ አንባቢ ማብራራት ድፍረት ይሆናል፡፡ በ1992 ዓ.ም. «አረንጓዴ ረሃብ» የሚለው ስም በዚህ አገር ላይ ሲነሣ ሰምተናል፤ እንሰቱ ለምለም፣ ጋራው ለምለም፣ ሌማቱ ባዶ፡፡ መሬቷ በስፋት ጥቂት፣ በላይዋ የሚኖረው ብዙ በሆነበት ቦታ፣ ድካምን የሚበላ አፍ ምን ዓይነት እንደሆነ ለማወቅ የ3,000 ክንድ አፅም መቆፈር አያስፈልግም፡፡

ወደ መኝታ ክፍሉ ክርክር ትንሽ እንመለስና አንድ አስቂኝ ነገር እንናገር፡፡ ባለ 66ቱና ባለ 81ዱ ሲፋጁ ያድራሉ፤ የየቤታቸውን መምህራን ቢጠይቁ ግን አብዛኛውን ጊዜ አንድ መልስ ያገኛሉ፡፡ የአንድምታ ሊቃውንት «መላእክት አያገቡም፤ የእግዚአብሔር ልጆች የተባሉት በደብር ቅዱስ ይኖሩ የነበሩ ደቂቀ ሴት ናቸው፤ የወደቁትም ከቃየል ሴቶች ልጆች ጋር ነው» ይላሉ፡፡ በምዕራቡም አውግስጢኖስ ይህንኑ ብሏል፤ ከወንጌላውያን ሰባኪዎችም ብዙዎቹ ይህንኑ ያስተምራሉ፡፡ ገድለ አዳምማ የመላእክቱን ጋብቻ ፊት ለፊት ይቃወማል፤ ደቂቀ ሴትን ከተራራው ያወረዳቸው የጌኑን ዘፈንና መሣሪያ ነው ባይ ነው፡፡ ክብረ ነገሥት በበኩሉ መላእክቱ ሥጋ ለብሰው እንደ ወደቁ ይተርካል፤ ልጆቹም ከግዝፈታቸው የተነሣ በወግ መወለድ አቅቷቸው የእናቶቻቸውን ሆድ ቀድደው እንደ ወጡ ይነግረናል፡፡ አንድ ቋንቋ፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን፣ ስንት ንባብ! ይህ ሁሉ ልዩነት በግዕዝ ብራናዎች ውስጥ በሰላም ተጎራብቶ ሲኖር፣ እኛ በአንዲት ጠባብ ክፍል ተጎራብተን መኖር አቅቶናል፡፡

ወደ ሥራው ስንመለስ፣ ሐያሲ ሊያልፈው የማይገባ አንድ ስንጥቅ አለ፡፡ በትጉሃን ታሪክ ውስጥ ሁለት ታሪኮች ተሰፍተዋል፡፡ የመጀመሪያው የሰምያዛ ነው፤ ኃጢአቱ ምኞትና መሐላ ነው፡፡ ሁለተኛው የአዛዝኤል ነው፤ ኃጢአቱ ማስተማር ነው፡፡ አዛዝኤል ሰይፍ፣ ካራ፣ ጋሻና ጥሩር መሥራትን አሳየ፤ አምባርና ኩል፣ የከበረ ድንጋይና የቀለም ንክርም አሳየ፡፡ ሌሎቹም ሥር መቁረጥን፣ ድግምትን፣ ኮከብ ቆጠራን አስተማሩ፡፡ ስፌቱ አንዳንድ ቦታ ይታያል፤ አለቃው አንዴ ሰምያዛ፣ አንዴ አዛዝኤል ይሆናል፡፡ ይህን እንደ ጉድለት ቆጥረን ልንነቅፍ ነበር፤ ስናስበው ግን ታሪኩን ያከበደው ይኸው ነው፡፡ ሰይፍና ኩል በአንድ እጅ መሰጠታቸው ግን አይዋጥልንም፡፡ ሰይፉ ገደለ፤ ኩሉ ማንን ገደለ? እዚህ ላይ ደራሲው የዘመኑን ወንዶች ፍርሃት በመጽሐፉ ውስጥ አስቀምጦታል ብንል አልተሳሳትንም፡፡

የዕውቀቱ ነገር እስከ እኛ ድረስ ይመጣል፡፡ በምዕራፍ 69፣ ከሌላ ደራሲ እጅ በወጣውና ዘግየት ብሎ በተጻፈው ክፍል፣ ፔኔሙኤ የሚባል መልአክ አለ፡፡ ጥፋቱ ምን መሰላችሁ? ሰዎችን በቀለምና በወረቀት መጻፍ ማስተማሩ! ብዙዎች በዚህ ሳቱ ይላል፡፡ ይህችን መጽሔት በማባዣ እየገለበጥን፣ ጣታችን በቀለም ጠቁሮ ይህን ስናነብ ሳቃችን መጣ፡፡ ግን ነገሩ የሚያስቅ ብቻ አይደለም፡፡ ራሱ ሄኖክ ማነው? መጽሐፉ «የጽድቅ ጸሐፊ» ይለዋል፤ መጽሐፈ ኩፋሌም በምድር ከተወለዱት መጻፍን አስቀድሞ የተማረ እሱ ነው ይላል፡፡ ጽሕፈትን የሚረግም መጽሐፍ በጸሐፊ ስም ተጻፈ ማለት ነው፡፡ ሁለቱ ክፍሎች ከተለያየ ዘመን ስለሆኑ ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ እውነትም ነው፡፡ ሆኖም አንድ ላይ ያስቀመጣቸው ሰው ሁለቱንም አንብቦ ነው ያስቀመጣቸው፡፡

የሄኖክ ጸሐፊነት ከሁሉም በላይ የሚታየው ከምዕራፍ 12 እስከ 16 ነው፤ ለእኛ ከመጽሐፉ ሁሉ የሚበልጠው ክፍልም ይህ ነው፡፡ ትጉሃን ፍርዱን ሰሙ፡፡ ተንቀጠቀጡ፡፡ ከኃፍረት የተነሣ ዓይናቸውን ወደ ሰማይ ማንሣት፣ መናገርም አቃታቸው፡፡ ታዲያ ምን አደረጉ? ማመልከቻ አስጻፉ፡፡ አዎን፣ ሄኖክ ዘንድ ቀርበው «አቤቱታ ጻፍልን፣ አንተው አድርስልን» አሉት፡፡ በፍርድ ቤት ደጃፍ ጠረጴዛ ዘርግቶ፣ ባለጉዳዩ ሲያወራለት ቀና ሳይል የሚጽፈውን ማመልከቻ ጻፊ ያየ ሰው ይህን ትዕይንት ይረዳዋል፡፡ እንግዲህ ባለጉዳዮቹ የሰማይ አለቆች፣ ጸሐፊው አፈር የሆነ ሰው ነው፡፡ ሄኖክም የየራሳቸውን ጉዳይ ለይቶ ጻፈ፡፡ በዳን ውኃ አጠገብ ተቀምጦ ማመልከቻውን ሲያነብ እንቅልፍ ወሰደው፡፡ በሕልሙ ወደ ላይ ተነጠቀ፤ እሳትም በረዶም የሆነ ቤት አየ፤ መልሱንም ይዞ ተመለሰ፡፡ መልሱ ማመልከቻው ውድቅ ነው የሚል ነው፡፡ ምክንያቱም ተጽፎለታል፡- ስለ ሰው መለመን የነበረባችሁ እናንተ ናችሁ እንጂ፣ ሰው ስለ እናንተ አልነበረም፡፡

ይህን የመሰለ የሥልጣን ግልባጭ በየት መጽሐፍ አንብበናል? ደራሲው አንድም የምሬት ቃል አልጨመረም፡፡ አቤት የሚባልባቸው ራሳቸው አቤት ባዮች ሆኑ፤ የበደሉት ሰው ጸሐፊያቸው ሆነ፡፡ ጸሐፊውም አልተሳለቀባቸውም፤ በሚገባ ጽፎ አደረሰላቸው፡፡ ስለ ቁመትና ስለ አፅም ሌሊቱን ሙሉ ከሚከራከሩት ይህን ክፍል የሚያነሣ አንድም ሰው አልገጠመንም፡፡

ስለ ትርጉሙም ሁለት ነገር እንበል፡፡ የግዕዙ ተርጓሚ ከግሪክ ሲመልስ አንዳንድ ቦታ ተሰናክሏል፡፡ ግሪኩ ትጉሃን «በያሬድ ዘመን» ወረዱ ያለውን፣ ግዕዙ «ወደ አርዲስ» ወረዱ ብሎ በዓለም ላይ የሌለ ቦታ ፈጠረ፡፡ ያሬድ እዚህ የሄኖክ አባት ነው፤ ባለ ዜማው አይደለም፤ ስሙ በዕብራይስጥ «መውረድ» ከሚለው ይገናኛል፤ እኛም «ወረደ» ስንል ሩቅ አይደለንም፡፡ ይህን የቃል ጨዋታ ማጣታችን ያስቆጫል፡፡ ሁለተኛው ስሕተት ግን ይበል የሚያሰኝ ነው፡፡ በምዕራፍ 19 ስለ ትጉሃን ሚስቶች መጨረሻ ሲናገር፣ ግሪኩ በባሕር ዳር እየዘፈኑ መርከበኛ የሚያስቱ ሴት ጭራቆች፣ «ሲሬን» የሚባሉትን ይሆናሉ ይላል፡፡ ተርጓሚያችን ወይም ከፊቱ የነበረው የግሪክ ቅጂ አንዲት ፊደል ስቶ፣ ቃሉን ሰላም ከሚለው የግሪክ ቃል አገናኘው፡፡ በግዕዙ እነዚያ ሴቶች ጭራቅ አልሆኑም፤ ሰላማውያን ሆኑ፡፡ አውሮፓውያን አሳታሚዎች ይህን ያርሙታል፤ እንደ ሥራቸው ትክክል ናቸው፡፡ እኛ ግን ይህን ብራና ለዘመናት የገለበጡትን፣ ሴቶቹን በሰላም ያሳረፉትን ጸሐፊዎቻችንን እናስባለን፡፡ ግዕዙን የጠፋ ግሪክ ማፈላለጊያ ብቻ አድርጎ ማየት ይህን የመሰለውን ነገር ያስቀራል፡፡

ስለ ሴቶቹ ካነሣን፣ የመጽሐፉን ትልቁን ጉድለት እንናገር፡፡ ሃያ የመላእክት አለቆች በየስማቸው ተቆጥረዋል፡፡ ከሴቶቹ ስም ያላት አንዲትም የለች፡፡ የምትናገርም የለች፡፡ ታዩ፣ ተመረጡ፣ ተወሰዱ፣ ወለዱ፤ ልጆቻቸውም ዓይናቸው እያየ አለቁ፡፡ ታሪኩን የጻፈው የተራራው ወገን ነው፤ ከታች የነበረው አልተጠየቀም፡፡ የረዓይትም ነገር ቢሆን እንዲሁ ነው፡፡ በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 13 ሰላዮቹ ከነዓንን አይተው ሲመለሱ፣ የአገሩ ሰዎች ከኔፊሊም ዘር ናቸው፣ በፊታቸው እንደ አንበጣ ነበርን ብለው አወሩ፡፡ መሬቱን የፈለገ ሰው ባለመሬቱን ግዙፍ ጭራቅ አድርጎ ሲያወራ ያየነው ያን ጊዜ ብቻ አይደለም፡፡

እዚህ ላይ ስለ አገራችን አንድ ምሳሌ ማምጣት ተገቢ ነው፡፡ በገድለ ተክለ ሃይማኖት የዳሞት ንጉሥ ሞተለሚ አለ፡፡ በገድሉ ውስጥ የሚገባው ሸዋን ሲወር፣ አብያተ ክርስቲያናትን ሲያጠፋ፣ የጸጋ ዘአብን ሚስት ማርኮ ሊያገባት ሲወስዳት ነው፡፡ ከረዓይት ወገን ለመቆጠር የሚቀረው ቁመቱ ብቻ ነው፡፡ በወላይታ የቃል ታሪክ ግን ያው ሞተለሚ «ወላይታ ማላ» የተባለው ሥርወ መንግሥት መሥራች ነው፤ ከዳሞታ ተራራም ጋር ስሙ ይነሣል፡፡ የገድሉ ዳሞት የቱ ነው በሚለው ላይ የታሪክ ምሁራን ይከራከራሉ፤ ክርክሩ ለእነሱ ይቆይ፡፡ እኛን የያዘን የንባቡ ነገር ነው፡፡ የአንዱ መጽሐፍ ጨካኝ የሌላው አባት ነው፤ ከሥርወ መንግሥታቱ የመጨረሻው ንጉሥ ካዎ ጦና እ.ኤ.አ. በ1894 በምኒልክ ጦር ቆስለው ሲማረኩም፣ ታሪኩ ሁለት ቦታ በሁለት ቃና ነው የተያዘው፡፡ ገድሉ ራሱ ሞተለሚን እስከ መጨረሻ አልረገመውም፤ ተክለ ሃይማኖት አጠመቁት ይላል፡፡ ሄኖክ ለረዓይት ይህን ዕድል አልሰጠም፡፡

የገድሉ ሌላው ጉድ ደግሞ አለ፡፡ በሄኖክ መላእክት ስለ ሴት ብለው ወረዱና ወሰዷት፡፡ በገድሉ መልአክ ስለ ሴት ብሎ ወረደ፤ የወረደው ግን ከወሰዳት ሊያስጥላት ነው፡፡ ያ መልአክ ሚካኤል ነው፤ በሄኖክ ሰምያዛን እንዲያስር የታዘዘው እሱ ራሱ፡፡ ከሞተለሚ ሠርግ ላይ በክንፉ ነጥቆ ወደ ባሏ አገር ወደ ዞረሬ አደረሳት፡፡ ገድሉን የጻፈው ሰው ሄኖክን አስቦ ነው አንልም፤ ሁለቱን ያነበበ ግን አንዱ የሌላው ግልባጭ ሆኖ ሳይታየው አያልፍም፡፡ በግዕዙ ሄኖክ ትጉሃን ሴቶቹን ሊወስዱ ሲመክሩ የሚናገሩት ግሥ «ኀረየ» ነው፤ መረጠ ማለት ነው፡፡ ሁለት መቶው መረጡ፤ የተመረጡት ስም የላቸውም፡፡ በገድሉ ያለችው ሴት ስም አላት፤ ስሟም ከዚያው ግሥ የወጣ ነው፡- እግዚእ ኃረያ፣ ጌታ መረጣት፡፡